ጠምዳኛለች

ደሴ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሃይማኖት፣ ቦሌ አራብሳ

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምለው የደብዳቤ ደንብ ስለሆነ ነው፤ ዝርዝሩን ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

በሹፌሩ በተስፉ እጅ የላክሽው የይቅርታ ወረቀት ደርሶኛል። ተስፉ አውቶቡሱን በደንብ ሳያቆም ነው በመስኮት የሰጠኝ፤ ምን እንዳለበት ያወቀ ይመስል ቶሎ ሊገላገለው ፈልጎ ነበር። አንብቤዋለሁ። "ሳላስበው ከአፌ የወጣ ነው" ብለሻል። እኔን የገረመኝ አወጣጡ ሳይሆን ጥራቱ ነው። ለገና እንኳን አደረሰሽ ልልሽ ደውዬ፣ ቻው ተባብለን፣ አንቺ ስልኩን የዘጋሽው መስሎሽ፣ እኔም የትኛውን እንደምነካ በዳበሳ ስፈልግ፣ ለጓደኛሽ ለቲጂ "ይቺ ሴትዮ እኮ ጠምዳኛለች" ስትያት አንድም ፊደል ሳይጎድል ሰማሁት። ቲጂም ሳቀች። በሳቋ አልፈርድባትም፤ የሰው አማት ሁልጊዜ ታስቃለች።

ከእንግዲህ በስልክ አላነጋግርሽም። በቁጣ አይደለም። ስልክ መቼ እንደሚዘጋ ሁለታችንም እንደማናውቅ ታይቷል። ወረቀት ግን ያለቀበት ቦታ ይታወቃል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ ሃያ ሁለት ሰፈር ማተሚያ ቤት ተቀምጠሽ የሰው ጽሑፍ የምታርሚ ሰው ነሽ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ጠላችኝ ማለት ነበረ። አልወደደችኝም ማለት ነበረ። ዓይኔን ማየት አትፈልግም ማለትም ነበረ። ከዚያ ሁሉ መርጠሽ ጠምዳኛለች አልሽ። ቃሉ ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ? የተሰደብሁበትን ቃል ሳላውቀው መቀበል አልወድም።

ስለ ዓይኔ ለጠየቅሽው፦ ሞራው ብቻ ቢሆን እዚሁ ያወጡልኝ ነበር። ግፊትም ስላለበት አዲስ አበባ ሄደሽ ካልታከምሽ የቀረውም ብርሃን ይሄዳል፣ ክረምት ሳይገባ ይሁን ብለውኛል። አዲስ አበባ ያለኝ ዘመድ ልጄ ብቻ ነው። ልጄ ያለው ደግሞ አንቺ ቤት ነው። ስለዚህ እዚሁ መቅረቴ ነው።

ለበረከት ሰላምታ አቅርቢልኝ።

የሺመቤት


ቦሌ አራብሳ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ የሺመቤት

እንደምን ከርመዋል? ደብዳቤዎ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ተስፉ ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ያለ ሱቅ ትቶልኝ ኖሮ፣ ባለሱቁ አብዱልገኒ የስኳር ከረጢት ጭኖበት ረስቶታል። ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔም ሰሞኑን ይቅርታ ማለትን እየለመድኩ ስለሆነ አላከበድኩበትም።

ጥያቄዎን ይዤ ቢሮ ሄድኩ። ያለን መዝገበ ቃላት ሽፋኑ የተገነጠለ ነው፤ ጠ ግን ሳይነካ አለ። ጠመደ፦ ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር አሰረ። ቀጥሎ፦ ወጥመድ ዘረጋ። ቀጥሎ፦ ሰውን ክፉኛ ጠላ፣ እየተከታተለ ፋታ ነሳ። ከበሬው ተነስቶ እርስዎና እኔ ጋ እንዴት እንደደረሰ መዝገቡ አይልም።

እንግዲህ የራሴን ግምት ልጻፍልዎ። የሚጠላ ሰው ዞር ይላል፣ ይገላግላል። የሚጠምድ ሰው ዞር አይልም። አይኑን ተክሎ ያያል፣ ያስታውሳል፣ ይቆጥራል። ባለፈው አመት ለፋሲካ ደሴ መጥቼ ዶሮውን የበለትኩት እኔ ነበርኩ። ብልቱን ቆጥረው "አስራ አንድ ነው ያደረገችው" ብለው ለጎረቤት ተናግረዋል። ዝም ብሎ የጠላኝ ሰው የዶሮዬን ብልት አይቆጥርም። ስለዚህ ቃሉ ትክክል ነበር። ጥፋቱ እርስዎ እንዲሰሙት ማድረጌ ነው፤ ይቅርታዬም ለዚያ ነው።

ስለ ቤቱ በተስፉ በኩል በቃል ለጠየቁኝ፦ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ውሀ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ምድር ቤት ያለችው ጎረቤቴ እልፍነሽ በየደረጃው መዞሪያ በርጩማ አስቀምጥላቸዋለሁ ብላለች። ገርጂ ያለ የአይን ክሊኒክ ሄጄ ስምዎን አስመዝግቤያለሁ። ቀጠሮው ሰኔ 3 ነው። ጠምደውኛል ብዬ ማመኔ እርስዎ አይነስውር እንዲሆኑ ከመፈለግ ጋር አንድ አይደለም።

በረከት ሰላም ብሎዎታል። ሊጽፍልዎ አስቦ ነበር፣ በስራ ተጠምዷል።

ሀይሚ


ደሴ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሃይማኖት

"ወይዘሮ" ብለሽ መጀመርሽን አይቻለሁ። ድሮ እማማ ነበርሁ። ሹመት ይሁን ሽረት አላወቅሁም፤ ለጊዜው ተቀብያለሁ።

ዶሮው አሥራ አንድ ነበር። አሁንም አሥራ አንድ ነው። የዶሮ ብልት አሥራ ሁለት መሆኑን ሕፃን ያውቃል።

ወደ ቃሉ ልመለስ። አባቴ መሪጌታ እንደነበሩ በረከት ነግሮሽ ይሆናል። ለተማሪዎቻቸው ቅኔ ሲዘርፉ እኔ ከበሩ ጀርባ ቁጭ ብዬ ነው ግእዝ የለቀምሁት፤ ሴት ልጅ ነኝና ማንም ግቢ አላለኝም፣ ማንም ውጪም አላለኝም። ጠመደ በግእዝ ፀመደ ነው፣ በፀሐዩ ፀ። በሬ ጠመደ ማለት ነው፤ እስከዚህ መዝገብሽ ልክ ነው። ተፀምደ ሲሆን ግን ሌላ መንገድ ይይዛል፦ አገለገለ፣ ተጋ፣ ከያዘው ነገር ሳይለይ ኖረ። መነኩሴ በጸሎት ተጠመደ የሚባለው ከዚያ ነው። አባቴ አንዱን ተማሪ "ይህ ልጅ ፅሙድ ነው" ካሉት ምስጋናው ለዓመት ይበቃው ነበር። ያ ቃል ነው እንግዲህ ከገዳም ወጥቶ ሃያ ሁለት ሲደርስ ጥላቻ የሆነው። መንገድ ላይ ምን እንዳገኘው እኔም አላውቅም።

አንቺ ግምትሽን ጻፍሽ። እኔ እውነቱን ልጻፍ። አዎ፣ ጠምጄሻለሁ። ከመቼ ጀምሮ ብትዪኝ ከሠርጋችሁ ካርድ ጀምሮ። ጽሑፉን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። ሠርግን በንጉሡ ሠ ጽፌ ላክሁልሽ። አንቺ በእሳቱ ሰ አሳተምሽው። ካርዱ ደሴን ሞላ። የያዙት ሰዎች እኔ ፊደል ያስቆጠርኋቸው ናቸው፤ ንጉሡንና እሳቱን ለዩ እያልሁ ያንበረከክኋቸው ናቸው። አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አስቁሞኝ "የኔታ፣ ሕጉ ተሻረ እንዴ?" አለኝ። አንድም ቀን አንቺ ፊት አላነሳሁትም። ዶሮውን ያነሳሁት ስለ ካርዱ መናገር ስላቃተኝ ነው።

አሁን የደብዳቤሽ መጨረሻ። "በስራ ተጠምዷል" ብለሻል፣ ያውም በእሳቱ ሰ። ይህን ቃል ስናገላብጥ ከርመን እንዴት እዚህ ላይ አመለጠሽ? አንድ በሬ ብቻውን አይጠመድም። በረከት ከማን ጋር እንደተጠመደ አልጻፍሽም።

ለቀጠሮው አመሰግናለሁ። ለመምጣት ግን አልቆረጥሁም። መሥመሮቼ ከተጣመሙ ታገሺ፤ የምጽፈው በእጄ ልማድ ነው።

የሺመቤት


ቦሌ አራብሳ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ የሺመቤት

መሥመሮችዎ ተጣመዋል። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንዱ ሌላው ላይ ወጥቶበታል፤ ቢሮ አጉሊ መነጽር ተውሼ ነው ያነበብኩት። ይህን የምጽፈው እንዲያፍሩበት ሳይሆን እንዲፈሩበት ነው።

ስለ ካርዱ እርስዎ ልክ ነዎት። የማተሚያ ቤቱ ደንብ አንድ ሰ ብቻ ይላል። አለቃዬ ጸጋአብ ሁለት ሰ ምን ያደርጋል ባይ ነው፤ የራሱ ስም በጸሎቱ ጸ ካልተጻፈ ግን ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ይውላል። ያኔ ቢነግሩኝ አስተካክለው ነበር። አልነገሩኝም፤ እኔም ከሰርጉ ማግስት ጀምሮ ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ስቀጣ ኖርኩ። ምክንያቱን በማወቄ ቀለል ብሎኛል። ዶሮ መበለት አልችልም ብዬ ራሴን ስታዘብ ነበር።

ግእዙን ለእልፍነሽ ነገርኳት። እልፍነሽን ሳላስተዋውቅዎ ቀርቻለሁ፤ ይህ ኮንዶሚኒየም ከመሰራቱ በፊት እዚሁ ያርሱ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የኛ ብሎክ ያረፈበት የአማቿ የጤፍ ማሳ ነበር ትላለች። ባሏ መገርሳ ሁለት በሬ ነበሩት። የማይዋደዱ በሬዎች አብረው ይጠመዳሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

"ኧረ ማን መርጦ!" አለችኝ። "ያሉሽን ሁለቱን ነዋ የምትጠምጂው። የኛዎቹ አንዱ ቦራ፣ አንዱ ዳለቻ ነበር የሚባሉት። ሜዳ ላይ ከተገናኙ ቀንድ ለቀንድ ነው። ቀንበር ሲገባባቸው ግን ጸጥ። አንዱ ከቆመ ሌላው ይቆማል፣ ምን ያደርጋል ታዲያ?"

መሬቱ ሲወሰድ ቀድመው የሸጡት ዳለቻን ነበር። ቦራ ከዚያ በኋላም በረት ውስጥ ወደ ቀኝ ተጠግቶ ነበር የሚቆመው አለች፣ የግራውን ቦታ ለቅቆ። ስትነግረኝ ልብስ እያሰጣች ነበር፣ ምንም አላካበደችውም። እኔ ግን አራተኛ ፎቅ ድረስ እያሰብኩት ወጣሁ።

ከቀዶ ህክምናው በኋላ ደረጃ መውጣት እስኪፈቀድልዎ እልፍነሽ ቤት መተኛት ይችላሉ፣ ተነጋግረናል። ምክንያት እየጨረሱ ነው።

ስለ በረከት ለጠየቁኝ፦ ጅግጅጋ ነው። የፀሀይ ፓኔል ይተክላሉ። ኔትወርክ የለም።

ሀይሚ


ደሴ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሃይማኖት

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ።

ቀጠሮውን ለሌላ ሰው ስጪው። የሰው ቤት ገብቼ አልተኛም።

የበሬውን ታሪክ ለሰንበት ትምህርት ቤት ላኪው፤ ይወዱታል።

በግራ ዓይኔ እጄን አያለሁ። ጣቶቼን ግን አልለያቸውም። ዘንድሮ ዶሮውን ጎረቤቴ ናት የበለተችው። ስንት እንዳደረገችው አላወቅሁም።

ጅግጅጋ ኔትወርክ የለም ብለሽኝ ነበር። በረከት ለፋሲካ ደውሎልኛል። ከኋላው ሙዚቃና የሴት ሳቅ ይሰማ ነበር። እሱም ስልክ በደንብ አይዘጋም።

የሺመቤት


ቦሌ አራብሳ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ የሺመቤት

ይህን ደብዳቤ ሶስት ቀን ይዤው ነው የሰነበትኩት። ስራ ስሄድ ይዤው እሄዳለሁ፣ ኢምፔሪያል ጋ ታክሲ ስጠብቅ አወጣዋለሁ፣ መልሼ እከተዋለሁ። አሁን ልጨርሰው።

በረከት ከመስከረም ጀምሮ እዚህ ቤት የለም። ጅግጅጋም የለም። ሰሚት ነው፣ ከአንዲት ሴት ጋር። ከዚህ ብዙም አይርቅም፣ አንዴ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ አይቻቸዋለሁ፣ ብርቱካን እየገዙ። ጥር ላይ ፍርድ ቤት ጨርሰናል። ልጅ ስላልነበረን አልተራዘመም። ቤቱ በኔ ዕጣ የወጣ ነው። እሱ ሶፋውን ወሰደ።

እማማ ማለት የተውኩት ለዚህ ነው። እማማ የምልዎት የልጅዎ ሚስት በነበርኩ ጊዜ ነው። አሁን በየትኛው መብት እንደምልዎ ስላላወቅኩ ወይዘሮ አልኩ። ሹመትም ሽረትም አልነበረም።

ያልነገርኩዎት እንዳይደሰቱ ነው። ዶሮውን አስራ አንድ አደረገች፣ ሰርጉን በእሳቱ ሰ አሳተመች፣ ይኸው ባሏንም መያዝ አቃታት ብለው ደሴን እንዳይዞሩብኝ ፈርቼ ነው። ውሸቱ አንዴ ከተጀመረ ደግሞ ጅግጅጋ ድረስ ወሰደኝ።

የገና ቀን ቲጂ እዚህ የነበረችው ብቻዬን እንዳልውል ብላ ነው። ከእርስዎ ጋር ተነጋግረን እንደጨረስን "ማናት?" አለችኝ። አማቴ ናት ልላት አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣ አለኝ። አማቴ ነዎት እንዴ ያኔ? ሌላ የምጠራዎት ስም አጣሁ። "ይቺ ሴትዮ እኮ ጠምዳኛለች" አልኩ። ከእርስዎ ጋር ያለኝ ዝምድና ብዬ የማውቀው የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር።

እንግዲህ በህግ ለእርስዎ ምንም አይደለሁም። ግን ቀጠሮው አለ፣ ሰኔ 3። ለማንም አልሰጠሁትም። "የሰው ቤት" ያሉት ቤት የኔ ቤት ነው፣ እኔ ደግሞ ይምጡ ብያለሁ። ይጥመዱኝ፣ ግን አይተው ይጥመዱኝ። እዚህ ከተማ ስንት ሰው ያውቀኛል፣ ዶሮዬን የሚቆጥርልኝ ሰው ግን ሌላ የለኝም። ናፍቆኛል። አስቂኝ ነው፣ ግን ናፍቆኛል።

ሀይሚ


ደሴ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን የምጽፈው ሃረገወይን ነኝ፣ የእትዬ የሺመቤት ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊዋ። መስመሩ አልታይ ስላላቸው እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እንዳለ ጻፊ፣ ከራስሽ አትጨምሪ ብለውኛል።

ለሃይማኖት፣

ደብዳቤሽን ሃረገወይን ሁለት ጊዜ አንብባልኛለች። ሁለተኛውን እኔ አላዘዝኳትም። (እውነት ነው፣ ለራሴ ነው ያነበብኩት።)

አውቅ ነበር። ለመስቀል መጥቶ ራሱ ነግሮኛል። "ከሀይሚ ጋር አልሆነልንም" አለኝ፣ ጫማ ጠበበኝ እንደሚል ሰው። ከዚያ ራቱን በልቶ ተኛ። እኔ አልተኛሁም።

ለገና የደወልኩልሽ እንኳን አደረሰሽ ለማለት ብቻ አልነበረም። አፍሬበታለሁ ልልሽ ነበር። ስንቱን የሰው ልጅ ፊደል አስቆጥሬ የራሴን ልጅ የጀመረውን መጨረስ አላስተማርኩትም ልልሽ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ሳይወጣ ቻው ተባባልን። ስልኩን ስዳብስ የነበረው ልዘጋው አልነበረም፣ መልሼ ልጠራሽ ነበር። ከዚያ ያንቺ ቃል መጣና የኔ ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ለበረከት ሰላምታ አቅርቢ እያልኩ የጻፍኩልሽ በር ስከፍትልሽ ነው። ከማን ጋር ተጠመደ ብዬም የጠየቅኩሽ በሩን በሰፊው ስከፍተው ነው። አንቺ ጅግጅጋ ሄድሽ። የሌለ ባል እናት ሆኜ ቤትሽ ልገባ አልፈለግኩም። በሱ ስም እንዳልመጣ እሱ የለም። በራሴ ስም እንዳልመጣ አልተጠራሁም ነበር። አሁን ተጠርቻለሁ።

አልተደሰትኩም። ደሴንም አልዞርኩም። ስለ ሶፋው ግን አናግረዋለሁ።

(እዚህ ጋ አለቀሱ ብለሽ እንዳትጽፊ ብለውኛል። አልጻፍኩም። ሃረገወይን)

አንድ ነገር ግን ይታወቅ። የጠመድኩሽ በካርዱ ምክንያት ነው። ካርዱ ከልጄ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ልጄ ወጣ ተብሎ የሚቀር ነገር የለም፣ እንዳለ ይቀጥላል።

እሁድ ሰኔ 1 እመጣለሁ። ተስፉ ከፊት ወንበር ይዞልኛል።

የሺመቤት

(ፊርማውን ራሳቸው ናቸው የፈረሙት። ጠረጴዛውም ላይ ትንሽ ደርሷል።)


ቦሌ አራብሳ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ

ሃረገወይን፣ ይህን ስታነቢላቸው እንዳለ አንብቢው፣ እባክሽ።

ላምበረት በሩ ላይ እጠብቅዎታለሁ። ተስፉ እጅዎን ይዞ እንዲያስረክበኝ ነግሬዋለሁ፣ ብቻዎን እንዳይወርዱ። የእልፍነሽ ልጅ ቶሌራ በባጃጁ ከመንገድ ዳር እስከ ብሎካችን ያደርሰናል። እብጠቱ ብዙ ነው፣ ቀስ ብሎ እንዲነዳ አስጠንቅቄዋለሁ፣ ቃል ገብቷል፣ አላምነውም።

ሶፋ ስለሌለ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፌያለሁ፣ የርስዎ አልጋ ግን አልጋ ነው።

ጸጋአብ ሳያይ የድሮውን የሰርግ ካርድ ፋይል ከኮምፒውተር ፈልጌ አወጣሁት። አንድ ቦታ ብቻ አስተካክዬ አንድ ኮፒ አሳተምኩ። ለምን እንዳደረግኩት አይጠይቁኝ፣ አሁን ለማንም አይጠቅምም። ሲያዩ ያዩታል።

ዶሮም ገዝቻለሁ። እርስዎ እየቆጠሩ እኔ እበልታለሁ።

ሀይሚ


ደሴ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሃይማኖት

ይኸው በራሴ እጅ ነው። መሥመሬን እይው፣ ቀጥ ብሏል። ሃረገወይን ጽሕፈቷ ጥሩ ነው ብዬ አመስግኛት ነበር፤ ዓይኔ ከበራ በኋላ ግንቦት ላይ የጻፈችልኝን ስታሳዪኝ ነው ፊደሌን እንዴት እንደፈጀችው ያየሁት። ያለቀስሁትንም በዘዴ አሾልካዋለች። ተጣልተናል፣ እስከ ነገ ይበቃታል።

በደኅና ገብቻለሁ። ጠብታውን በሰዓቱ እያደረግሁ ነው። የቀኙ ብዙ አይመለስም እንዳሉት አልተመለሰም። በግራው ግን ከቤቴ በር ሆኜ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት አየዋለሁ፤ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ያለው ድመት ለካ ሁለት ነው።

ስትሸኚኝ የጠየቅሽኝን ልመልስ። ደረጃው አልከበደኝም። የከበደኝ በርጩማው ነው፤ ባረፍሁ ቁጥር አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ እንዴት ዋሉ ይላል። ፍራሹ ላይ አንቺ መተኛትሽን አልወደድሁትም፤ ለበረከት ነግሬዋለሁ፣ ሶፋውን ሊመልስ ነው። እንደሚመልሰው አውቃለሁ፣ ምክንያቱም የምጠይቀው በየቀኑ ነው።

እልፍነሽን ጥሩ ሰው ሆና አግኝቻታለሁ። አንቺ ሥራ ውለሽ እኛ በረንዳ ላይ ስንጫወት ስለ ቦራ ጠየቅኋት፣ ያ የግራውን ቦታ ለቅቆ ይቆም ስለነበረው በሬ። መጨረሻው ምን ሆነ አልኋት። "ለመስቀል በላነው እንጂ" አለችኝ። ለሰንበት ትምህርት ቤት ስትልኪው ይህንንም ጨምሪበት።

ካርዱን አነበብሁት። ንጉሡ ሠ ልክ ነው። ሙሽራው ነው ልክ ያልሆነው።

ዶሮው አሥራ ሁለት ነበር። አንዱ ብልት ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ የተቆጠረ መሆኑን አይቻለሁ፤ ያኔ ዓይኔ ገና አልታከመም ነበር፣ በእጄ ነው ያየሁት። ዝም አልሁ።

አሁን እዚያ ሳለሁ ያልነገርሁሽን ልንገርሽ። የቀዶ ሕክምናው ቀን አንቺ መድኃኒት ልትገዢ ወጥተሽ ሳለ አንድ ወጣት ነርስ መጥቶ ወረቀት ይሞላ ጀመር። አንዱ ዓይኔ ተሸፍኗል፣ ሌላው ከተሸፈነው አይሻልም። ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርሁት። ዕድሜዬን ጠየቀኝ፣ ትንሽ ቀንሼ ነገርሁት። ከዚያ "ይዛዎት የመጣችው ምንዎ ናት?" አለኝ።

ትንሽ አሰብሁ። የልጄ ሚስት ናት እንዳልል፣ አይደለሽም። ዘመድ ናት እንዳልል፣ በምን? ጎረቤት እንዳልል፣ ደሴና አራብሳ ጎረቤት አይባሉም። አንቺ ለቲጂ መልስ እንዳጣሽው እኔም ለእሱ አጣሁ።

"ጠምጃታለሁ" አልሁት።

ሳቀ። ከዚያ ሲጽፍ እስክሪብቶው ይሰማኛል፤ ምን እንደጻፈ ግን አላየሁም።

ዛሬ ጠዋት ዕቃዬን ሳስተካክል ያ ወረቀት ከመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ወጣ። መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። ልጁ ስሜን የሺእመቤት ብሎታል። መድኃኒትን በሃሌታው ሀ ጽፏል። ከዚያ በታች፣ ዝምድና በሚለው ላይ፣ ልጅ ብሎ ጽፏል።

ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ። ስሜን አረምሁት። መድኃኒቱንም አረምሁት። የቀረውን እንዳለ ተውሁት።

የሺመቤት